ያልተገመጠው ፖም

የጥርስ ሐኪሙ የመጨረሻውን ዳገት ጨርሶ ከብስክሌቱ ሲወርድ ጭብጨባው ቀለጠ። በብስክሌት ጉዞው በተሰበሰበው የእርዳታ ገንዘብ ከነገ ወዲያ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የድሃ ልጆችን ጥርስ በነጻ ሊያክም ነው። አዘጋጆቹ ሁለት ፖም ሰጡት። አንዱን ግምጥ አደረገና ሌላውን ለእናቱ አቀበላት።

«ግመጪያት እማዬ፣ አብረን ፎቶ እንነሳ።»

እናቱ ፖሙን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው፤ ወደ አፏ አስጠግታ መልሳ አወረደችው። እሱ ለጉዞው ልምምድ ከጀመረ ወዲህ የጥርሷን ሕመም ባነሳችበት ቁጥር መልሱ «ይቺ ነገር ትለፍልኝና አይልሻለሁ» ነበር። እሷም ከረመች፣ ለስላሳ ለስላሳውን በቀኝ በኩል እያላመጠች።

«ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ እማማ!» አለ ፎቶ አንሺው።

አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ተዋት፣ ዓይን አፋር ናት» አለ ልጇ፣ ትከሻዋን እቅፍ አድርጎ እየሳቀ። ፎቶው ተነሳ።

እናቱ ፖሙን እንዳለ በማልያው የጀርባ ኪስ ከተተችለትና መታ መታ አደረገችው።

«መንገድ ላይ ትበላዋለህ፣ የኔ ጌታ» አለችው። «ብቻ እዚያ ስትደርስ ለእኔም ወረፋ ያዝልኝ።»