ለእንግዶች የታዘዘችው ጥንቸል

«ጥንቸሏን ነገ በጠዋት ለጠይባ ያስረክቡ። ለእንግዶቹ ትሠራላቸዋለች።»

የቀበሌው ካድሬ ጓድ ኃይለየሱስ ይህን ብሎ ወጣ... ይርሳው ብሩሹን እንደያዘ ቀረ።

ነገሩ በ1978 ዓ.ም. ነው፤ አሰላ ከተማ።

ይርሳው የታፔላ ጸሐፊ ነበር። የሻይ ቤቱም፣ የወፍጮ ቤቱም፣ የቀበሌውም ታፔላ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ክር ወጥሮ መስመር ያሰምራል፣ ፊደሉን በቀይ ይሞላል፣ ከጎኑ ጥቁር ጥላ ያደርግለታል... ከአስፋልቱ ማዶ ሆነህ ታነበዋለህ።

በዚያ ሰሞን «ጥንቸል አርብተን እንመገብ» የሚል ዘመቻ ከላይ ወረደ። ስድስት ጥንቸሎች መጡ። አምስቱን የጭላሎ ብርድ ጨረሳቸው። ስድስተኛዋ «እያዩዋት ፖስተር ይሥሩ» ተብላ ለይርሳው ተሰጠች።

እንግዲህ አስቡት... ጥንቸል መብላት! አሰላ ላይ!

ክርስቲያኑ «ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም» ብሎ ይጸየፋታል። ሙስሊሙም ቢሆን ባባቱ ቤት ያልለመደው ነገር ነው።

ይርሳው ደግሞ ምራቅ የሚያስውጥ ፖስተር እንዲሠራ ታዟል። መጀመሪያ ሳህን ላይ ሊስላት ሞከረ። እጁ እምቢ አለው። በመጨረሻ ጎመን ስትበላ ሳላት። ነጩን ወረቀት ባዶውን ትቶ፣ ዙሪያውን ብቻ አረንጓዴ ቀብቶ ጆሮዋን አወጣው። ያየው ሁሉ «ውይ ስታምር!» አለ እንጂ አንድም ሰው ልብላት አላለም።

የይርሳው ጭንቅ ግን ፖስተሩ አልነበረም... ሚስቱ አባይነሽ ነበረች።

አንድ ልጃቸው ሣህሌ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ዓመት አልፎታል። ደብዳቤ የለም። ስሙን የዘማቾች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ደግሞ ይኸው ጓድ ኃይለየሱስ ነው። ከዚያ ወዲህ አባይነሽ እህል አይወርድላትም፤ ድስት መጣድ ትታለች።

ጥንቸሏ ስትመጣ ግን... ጉድ ነው መቼም! «ባዘቶ» ብላ ስም አወጣችላት። ካሮት ትከትፍላታለች። «እሷ እየበላች እኔ ቁጭ ብዬ ልያት?» እያለች ለራሷም ማብሰል ጀመረች። ድንች በቃሪያ ትሠራለች። የገብስ ገንፎ ታገነፋለች፣ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤ በበርበሬ ታፈስበታለች። አንድ ቀን ባዘቶ በርበሬው ውስጥ አፍንጫዋን አስገብታ ስታስነጥስ አባይነሽ ከት ብላ ሳቀች።

ይርሳው ያንን ሳቅ ከሰማ ስንት ጊዜው! ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ።

እና ይህችን ነው አስረክብ የተባለው።

እምቢ ቢልስ? በዚያ ዘመን እምቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

ለሚስቱ ዋሸ። የግብርና ቢሮው ለምርመራ ፈልጓታል፣ ትመለሳለች አላት። ከዚያ ባዘቶን በካርቶን አድርጎ ለጠይባ ወሰደላት። ጠይባ ምግብ ቤት ያላት የሠፈሩ ሙስሊም ሴት ናት፤ እጇ ይጣፍጣል። ይርሳው ቀና ብሎ ሊያያት እንኳ አልቻለም።

በማግስቱ እንግዶቹ ዘመቻውን ሊጎበኙ መጡ። ሁለት ድስት ቀረበ... አንዱ ለክርስቲያኖቹ፣ አንዱ ለሙስሊሞቹ። ከአንዲት ጥንቸል ሁለት ድስት ወጥ እንዴት ይወጣል ብሎ የጠየቀ የለም! ከአዲስ አበባ የመጣው ትልቁ ሰውዬ ጣቱን እየላሰ፣ ልክ ዶሮ ዶሮ ይላል ብሎ አደነቀ። ጓድ ኃይለየሱስ አጨበጨበ። ይርሳው ሆዴን አሞኛል ብሎ ሳይቀምስ ወጣ።

ቤት ሲደርስ አባይነሽ ካሮት ከትፋ እየጠበቀች ነው።

«መጣች?» አለችው።

አንገቱን ደፋ። በሩ ተንኳኳ። ጠይባ ናት። ካርቶኑን ይዛለች። ውስጡ... ባዘቶ! በሕይወቷ!

ይርሳው መደቡ ላይ ዘፍ አለ።

ጠይባ ቁጭ ብላ ጉዱን ዘረገፈችው። ወጡ የዶሮ ነው። አራት ዶሮ። ያመጣው ደግሞ ማን መሰላችሁ... ጓድ ኃይለየሱስ! ትእዛዙ ከላይ ስለሆነ ማስቀረት አልቻለም። ስለዚህ በማለዳ የገዛ ቤቱን ዶሮዎች ይዞ በጓሮ በር ገባ። ሁለቱን ለሙስሊሞቹ እሷ እንድታርድ ሰጣት። ሁለቱን ራሱ «በስመ አብ» ብሎ አረደ። ያ በየስብሰባው «ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው» የሚለው ካድሬ!

ይርሳው ሳቁ መጣ። «ለካ እሱም ጥንቸል መብላት ፈርቶ ነው?»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ቀለድኩበት ጋሽ ይርሳው» አለች ጠይባ። «ወላሂ፣ አልሳቀም። ‹ልጇን የላክሁባት እኔ ነኝ። ይቺን ደግሞ አልወስድባትም› አለኝ። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር... አልቻልኩም።»

አባይነሽ ባዘቶን ደረቷ ላይ አቀፈቻት። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ተነሳችና እሳት አያያዘች። ገንፎ አገነፋች። አንድ ሳህን ሞልታ፣ ቅቤውን ሳትሰስት አፍስሳ፣ ሸፍና ለባሏ ሰጠችው።

«ለኃይለየሱስ አድርስለት» አለችው። «ይቅር ብላሃለች እንዳትለው... አላልኩትም። ግን ዶሮዎቹን ለኛ ብሎ ጨርሷል። ጦሙን አይደር።»

ወዳጆቼ... የበደለን ሰው ሁሉ ልቡ ድንጋይ አይደለም። አንዳንዱ ጸጸቱን አደባባይ ወጥቶ መናገር ያቅተውና በጓሮ በር ገብቶ ሊክስ ይሞክራል። የወሰደውን አይመልስም፤ ግን የቀረችህን ትንሽ ደስታ ሊያተርፍልህ ይችላል። ይህ ይበቃል ወይ? እኔ እንጃ... እስካሁን አልወሰንኩም።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... አባይነሽን ብትሆኑ ገንፎውን ትልኩለት ነበር? ከነምክንያታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።