መንገድ የዘጋች ቤት

መሐንዲሱ ገጠር አይወድም፤ አለመውደዱንም አይደብቅም። ቢሮ ውስጥ «እኔ አስፋልት ላይ ነው ያደግኩት» ማለት ይቀናዋል። ባልደረቦቹ ጭቃ ሲያይ ያስነጥሰዋል እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ደስ ይለዋል።

የተሰጠው ሥራ ግን ከነጭቃው ገጠር ነበር። ተራራ ለተራራ የሚሄደው የቧንቧ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት፣ ዶዘሩና ቧንቧ የጫነው ተሳቢ የሚገቡበት መንገድ መታቀድ አለበት። ቧንቧው ረጅም ነው፤ ተሳቢው በጠባብ ኩርባ አይታጠፍም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ብቻ ሆነ፤ ወይ በገደሉ ጀርባ ዞሮ ድንጋዩን በፈንጂ እየናዱ መሄድ፣ ወይ በሸንተረሩ ላይ ቀጥ ብሎ ማለፍ።

ሸንተረሩ ላይ አንዲት ነጥብ ነበረች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ አለቃው ካርታው ላይ አጎንብሶ።

«ቤት ናት። አንዲት አሮጊት ብቻዋን ትኖርባታለች።»

«በጀርባ ብንዞርስ?»

«ለአንዲት ጎጆ ብለን ተራራ እንናድ?» መሐንዲሱ ሳቀ። ማስመሪያውን አስተካከለና በቀይ እርሳስ ነጥቧን አቋርጦ አሰመረ።

አለቃው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀው። ባለቤቷ ካልፈረመች ዶዘሩ አይንቀሳቀስም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ከሾፌሩና ከካሳ ባለሙያዋ ጋር ወጣ። ባለሙያዋ ለሥራው አዲስ ስለሆነች መንገዱን ሙሉ ሲያስተምራት ሄደ።

«እነዚህን ሰዎች እንዳታምኚያቸው። መጀመሪያ ያለቅሳሉ። ቀጥሎ የአያት የቅድመ አያታቸውን ታሪክ ያመጣሉ። መጨረሻው ካሳ ጨምሩ ነው። ማርሽ ቀንስ፣ ከኩርባው ወዲያ ያንሸራትታል» አለ ለሾፌሩ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ። «ቀና ብለው ቢያዩሽ እንኳ ከጀርባው ሂሳብ አለ።»

ከኩርባው ወዲያ እውነትም አንሸራተተ።

ቤቷ እንኳን በካርታ በዓይንም ነጥብ ነበረች። በዙሪያዋ ጎረቤት የሚባል የለም። ጣሪያዋ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ሲገቡ የበሩ ጉበን የሾፌሩን ግንባር ገጨው። መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ አለፈ።

አሮጊቷ ያላትን አንድ ወንበር በቀሚሷ ጠርጋ ለመሐንዲሱ ሰጠችው። ሌሎቹ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

«ከስተሃል» አለችው።

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች። የመሐንዲሱ ሆድ ቀበቶውን ከሸፈነው ቆይቷል።

«እማማ፣ ለሥራ ነው የመጣነው» አለ እሱ ወረቀቱን እያየ።

ባለሙያዋ አስረዳች፦ ቤቷ ትፈርሳለች፣ ካሳ ይከፈላል፣ ቆላው ላይ ምትክ ቦታ ይሰጣል። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ይቺን ቤት ባለቤቴ ነው የሠራት። እዚህ ወለድኩ፣ እዚህ አሳደግኩ። በዚህ ዕድሜዬ ወዴት ልሂድ?»

መሐንዲሱ ባለሙያዋን ጠቀሳት። አላልኩሽም?

«ካሳው እኮ—»

«ካሳ አልጠየቅኩም። ልጄን ሳልጠይቅ ግን አልፈርምም።»

«ልጅ አለዎት?» አለች ባለሙያዋ።

«አንድ። አስተምሬዋለሁ። ከተማ ነው፣ ትልቅ ሰው ሆኗል።»

«ታዲያ ይደውሉለታ!»

«አያነሳልኝም። ሥራ ይበዛበታል።»

መሐንዲሱ ብድግ ብሎ ባለሙያዋን ወደ ደጅ ጠራት። ፊቱ ቀልቷል።

«ልጅ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ለካሳ ማስጨመሪያ የሚሆን አንድ ትልቅ ሰው አላቸው። ቢኖርማ ይሄን ጣሪያ አይቀይርላትም ነበር?»

ባለሙያዋ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። ነገሩ አሳማኝ ነበር።

«ምናልባት ቢኖርስ? ትንሽ ብንጠብቀው? እናቱ ሜዳ ላይ ስትወድቅ ዝም የሚል ልጅ የለም።»

«አንቺ ገና ነሽ» አለና ተመልሶ ገባ። ባለሙያዋ ተከተለችው። የዚህ ሰው ልብ ከምን እንደተሠራ ገረማት፤ ትንሽም ጠላችው።

መሐንዲሱ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። «እማማ፣ ጊዜ የለንም» አለ ቆሞ።

አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መንገዱ በጀርባ አይዞርም?»

«አይዞርም።»

«እንደው ሌላ መላ የለውም?»

«የለውም።»

«እሺ፣ አንተ ምን ትለኛለህ?»

መሐንዲሱ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ይፈርሙ።»

አሮጊቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ቀለሙ ላይ አሳረፈች። ባለሙያዋ አላስቻላትም፤ እጇን ያዘቻት።

«እማማ፣ ይቆዩ እንጂ! ልጄን ሳልጠይቅ አልፈርምም ብለው አልነበር?»

«ጠየቅኩት እኮ፣ የኔ ዓለም» አለች አሮጊቷ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እየተጫነች። «አንቺም ቆመሽ ሰማሽው፤ ይፈርሙ አለኝ።»