የላይዋንግ ከበሮ

በፖያንግ ሐይቅ ዳር፣ በሺዋን መንደር፣ ከላይዋንግ ሆድ የሚበልጥ ነገር ሐይቁ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን በክረምት ሲሞላ ነው እንጂ በበጋ ይበለጣል።

ላይዋንግ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫት ይሠራል። ዋና ሙያው ግን ማሳቅ ነው። ሰርግም ለቅሶም ያለ እሱ አይደምቅም፤ ድግሱም ያለ እሱ አያልቅም። ስንፍናው አገር ያወቀው ነው። ጎርፍ ድልድዩን የወሰደ ጊዜ በጎረቤቱ ጀርባ ታዝሎ ተሻገረና መሃል ወንዝ ላይ «ቀስ በል፣ ጫማዬን እንዳታረጥብ!» ብሎ ተቆጣ ይባላል።

በዚያ ዓመት ግን ሆድ ማሳቁ ቀረ። በሽታው ሰዉን እየነፋ ይገድል ጀመር። ፊቱ የገረጣ፣ እግሩ የቀጠነ፣ ሆዱ የተወጠረ ሰው ሲያልፍ አሮጊቶቹ «የውሃ ከበሮ» ይሉና ስሙ አፋቸው ላይ እንዳይቀር እንትፍ ይላሉ። «ትልቁ ሆድ» የሚሉትም ነበሩ። ማዕድ ላይ ግን ስሙን ማንሳት ነውር ነውና «እንግዳው» ይባላል። እንግዳው ገባበት ከተባለ አናጢው ሳጥኑን መለካት ይጀምራል።

ላይዋንግ ሆዱን እየደለቀ «ከበሮ ፈላጊ ካለ አከራያለሁ!» ይል ነበር። ብቻውን ሲሆን ግን ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርገውና ድምፁን ያዳምጣል።

የፈራው ሊያንጂን ስለወደደ ነው። ሊያንጂ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ስለ ጋብቻው ሲያነጋግራቸው እናቷ እማማ ጎንግ ቁርጡን ነገሩት።

«ልጄ አንዱን ከበሮ ቀብራለች። ሁለተኛ ከበሮ ደጃፏን አይረግጥም። ንጹህ ነው የሚል የሐኪም ቃል አምጣ፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሩዝ ነው!»

«የሞተውም እንደዚያ ይል ነበር።»

ሐኪሞቹ በጀልባ መጡ። ዶክተር ሸን የተባለችው መነጽራም ሴት መንደሩን አውድማው ላይ ሰበሰበች። «ይሄ ነገር ከበሮም እንግዳም አይደለም» አለች። «ደም መጣጭ ትል ነው። ከረግረጉ ቀንድ አውጣ ይወጣና ውሃ ውስጥ በቆዳ ይገባል። ጃፓኖች በሽታውን ካታያማ ብለውታል፤ የአንድ ኮረብታ ስም ነው።»

«እነሱ በኮረብታ፣ እኛ በእኔ!» ብሎ ላይዋንግ ሆዱን አስቀደመ። «ዶክተር፣ የማን ይበልጣል?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሯ ግን ሆዱን ትክ ብላ አየችውና አልሳቀችም። ላይዋንግ ሸሚዙን ጎትቶ ሆዱን ሸፈነ።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ሁሉም ሰው ነገ ጠዋት ሰገራውን በሎተስ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ስሙን አስጽፎ ያምጣ።

ላይዋንግ አሰበ። ንጹህ ሰው ያስፈልገዋል። በዚያ መንደር ሰገራ ለእርሻ ሲባል እንደ እህል ይጠበቃል፤ መስረቁ ቀላል አይደለም። ከማን ይውሰድ? ከሊያንጂ! ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ የአሳማ መኖ ስታጭድ የምትውል፣ የሁለት ሰው ሸክም የምትሸከም ሴት! ቅልጥሟን ለማከክ ካልሆነ ቀና የማትል! እንዲህ ያለ ጉልበት ውስጥ ትል የት አባቱ ቦታ ያገኛል?

ጎህ ሲቀድ ደጃፏ ደረሰ። የሰገራ ባልዲዋ እንደ መንደሩ ባልዲ ሁሉ ውጭ ወጥቷል። ማጭዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሷ ግን የለችም። ረግረግ ወርዳለች ብሎ አመሰገነ፤ አፍንጫውን ይዞ ቀዳ፣ ጠቀለለ፣ በረረ። ላይዋንግ ሲሮጥ ለእሱም ለመንደሩም የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ውጤቱ በማግስቱ አውድማው ላይ ተነበበ። ወንዶቹ ቀደሙ።

«ላይዋንግ። ትል አለበት። በጣም ብዙ። ነገ መርፌ ይጀምራል።»

«አላልኩም?» አሉ እማማ ጎንግ ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ። «ከበሮ አላልኩም?»

ላይዋንግ የሴቶቹን ተራ አልጠበቀም፤ የሠራውን ቅርጫት ተከናንቦ ወጣ። መንገድ ላይ «ወይ ሆዴ፣ አዋረድከኝ» እያለ ሲያለቅስ ድንገት ቆመ። ሰገራው የእሱ አይደለማ!

ትሉ የሊያንጂ ነው ማለት ነው! ዝም ቢል ጀልባዋ ትሄዳለች፤ ሊያንጂም ሳትታከም እንደ ባሏ ተነፍታ ትሞታለች። ቢናገር የሰገራ ሌባ ይባላል። ሰው ወርቅ ይሰርቃል፤ ቢቸግረው ዶሮ ይሰርቃል፤ እሱ ግን ... ! ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው መሳቂያ መሆን እንደዚህ እንደሚከብድ አያውቅም ነበር።

ነገሩን ሳያሳድር በዚያው ምሽት ሄደ። ሊያንጂ ደጃፏ ላይ መኖ ትከታትፋለች።

«ሊያንጂ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። መጀመሪያ ማጭዱን አስቀምጪ።»

«ማጭዱ ምን አደረገህ?»

«እስካሁን ምንም።»

አስቀመጠችው።

«ለሐኪሞቹ የሰጠሁት የእኔን አይደለም። ካንቺ ባልዲ ሰርቄ ነው። ትሉ ያንቺ ነው፣ ሊያንጂ። የእኔን ተይው፤ ሆዴን እያየሽው ነው። አንቺ ግን ሂጂና ለዶክተሯ ንገሪያት። ሌባ በይኝ፣ መንደሩን አስቂብኝ፣ ብቻ ተወጊ።»

ፊቷ ነጣ። ቀጥሎ እንደ በርበሬ ቀላ።

«እኔ እኮ ንጹህ ነሽ ተብያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ቅርጫትህን ተከናንበህ ከሄድክ በኋላ ተነበበ።»

«አይሆንም! በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት! የሐኪሞቹ መነጽር ታውሯል!»

ሊያንጂ ሆዱን አየችው። ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ።

«መነጽሩስ ደህና ነው። እኔም ፈርቼ፣ እግሩን ውሃ ነክቶት የማያውቅ ሰው ፈለግሁ። ላይዋንግ፣ እኔ የዚያን ዕለት ጠዋት ከማን ደጃፍ የቀዳሁ ይመስልሃል?»