የሁለት ፋብሪካ መኪና

መኪና ሠሪውና ባትሪ ሠሪው፣ ሁለቱ ፋብሪካዎች፣ ተጣምረው ለየቤታችን መኪናዋን በርካሽ የሸጡልን በአንድ ውል ነው፤ ሲመሽ የባትሪዋን ኃይል መልሰው ይወስዳሉ፣ እስኪነጋ አትነቃነቅም።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ ጋሽ ውብሸት በቆመች መኪናው ውስጥ መሪ ጨብጦ ሳየው፣ «ጋሼ፣ ከባለቤትህ ጋር ተኳረፋችሁ እንዴ?» አልኩት።

«ራሔል ምጥ ይዟታል፤ ያንተን መኪና አምጣ።»

ለካ ሴት ልጁን ከኋላ አስተኝቷታል። ፅንሱ ተጋድሟልና ምጥ ሲጀምራት ቶሎ አምጧት ብሎ ነበር ሐኪሙ።

«የእኔም መኪና የዚህችው እህት ናት፤ አትነቃነቅም» አልኩ።

መንደርተኛው ወጣ። የሁሉም መኪና እንደቆመ ነው።

«የእድሩን ቃሬዛ አምጡ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ውብሸት።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁላችንም መኪና ስንገዛ ቃሬዛውን ፈልጠን የምርቃቱን በግ ጠብሰንበታል፤ መራቂው ራሱ ጋሽ ውብሸት ነበር።

እናቷ መስኮቱን በነጠላዋ ጋርዳ፣ «ወንዶች ዞር በሉ» አለች።

ዞር አልን። የራሔል ጩኸት እየደከመ ሄደ።