ለአባዬ የሚሆን ፊደል

“ይሄስ?” እላለሁ።

“ቀጫጫ ነው። ምሳ ያልበላ ይመስላል” ይላል አባዬ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ሆኖ።

ኮምፒውተሩ ላይ ኒያላ የሚባለውን የፊደል ዓይነት ትቼ ጅረት የሚባለውን እመርጣለሁ። ይሄ ደግሞ ይጨፍራል ይለኛል። አደምቀዋለሁ፤ ተጣበቀ ይላል። አሳድገዋለሁ፤ አሁንም አልጣመውም። ፊደሉ ከመተለቁ የተነሳ ግድግዳው ላይ የቀሩት ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው።

“ኦቦ ኤርሲዶ፣ እኔ እንኳ ከዚህ አነበብኩት እኮ!” ይለዋል አባዬን ዘበኛው ጋሽ ነጋሳ ከበሩ ላይ ሆኖ።

አባዬ አገጩን ያሻል። እኔ ግራ ገብቶኛል።

ነገ እሁድ ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በዚች የጅማ ቤተ ክርስቲያናችን ምንባብ የሚያነበው አባዬ ነው፤ ሄርማታ ገበያ ያለች ሱቁን ዘግቶ የሚለማመድ ሰው ነው። ፕሮጀክተሩ ሲመጣ ግን ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፤ ከነገ ጀምሮ ምንባብ ከግድግዳው ነው፣ ያቃተው ለወጣቱ ለፍሬዘር ይልቀቅ። ፍሬዘር ደግሞ ሲያነብ መናኸሪያ ቆሞ “አጋሮ! አጋሮ!” የሚል የታክሲ ረዳት ነው የሚመስለው። አባዬ ንባቡን ከሚነጠቅ ሱቁ ቢቃጠል ይመርጣል።

“አባዬ፣ ሆን ብለህ ነው እንዴ? ምኑ ነው ያልተነበበህ?”

“ፊደል መምረጥ ቀላል መሰለሽ? ሚስት ከመምረጥ አያንስም።”

ሳቄ ይመጣል፤ ንዴቴ ግን አይሄድም። ሁሉንም ትቼ እንደ አዲስ ልጀምር ብዬ ባዶ ስላይድ እከፍታለሁ። ግድግዳው ነጭ ይሆናል።

“ቆይ! አትንኪው!” አባዬ አግዳሚውን ተደግፎ ይነሳል። “ይኸው! ፊደል ማለት ይሄ ነው!”

የሚቀልድ መስሎኝ እዞራለሁ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ የነገውን ምንባብ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዲት ቃል አይስትም። ጣቱን ዘርግቶ ባዶውን ግድግዳ ከግራ ወደ ቀኝ ይከተላል፤ መስመር አለቀ ሲል ዝቅ ያደርገዋል። ጋሽ ነጋሳ አንዴ ግድግዳውን አንዴ እኔን ያያል።

ማውሱን እለቃለሁ።

አባዬ ንባቡን ጨርሶ ወደ እኔ ይዞራል። ፊቱ በርቷል፤ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ነው።

“ሄርሚ፣ የዚህ ፊደል ስሙ ማን ነው?”