ከመኪናው አልወርድም ያለው ሰው

«አልወርድም አልኩ፣ አልወርድም!»

አዛናው አውራ ጣቱ በጎደለው ቀኝ እጁ መሪውን ሙጥኝ አለ...

ላንድሮቨሩን ቁሐር ሚካኤል አጠገብ፣ ወረታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እስከ ሆዱ ጭቃ ውጦታል።

መስከረም 1957 ዓ.ም. ነው። ሦስት የደብረ ማርቆስ ጸሐፊዎች የእንቁጣጣሽን ዓርብ ከቅዳሜና እሑድ ጋር አጋጥመው፣ ሰኞንም አስፈቅደው፣ ጎንደርን ሊያዩ ወጥተዋል።

ክረምቱ ማለፉን ግን ለፎገራ ዝናብ የነገረው የለም...

«ያ ዳስ ይታይሃል? ሰው አለበት። በሬ ለምነን እናስጎትተው» አለ ጓደኛው ማረው።

«እናንተ ሂዱ። እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ።»

«ከማን? ጭቃው ይዞልህ የለም እንዴ!» ሲል ሦስተኛው ጓደኛቸው አለኸኝ ሳቀበት።

አዛናው አልሳቀም። ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ከወጡ ጀምሮ አልሳቀም...

ሁለቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው በውሃው መሀል ተጓዙ።

ዳሱ የተስካር ነበር።

እመት ድንቅነሽ የሚባሉ፣ ጥቁር የለበሱ ባልቴት ብድግ ብለው ተቀበሏቸው።

«ግቡ ልጆቼ! የመንገደኛ ጸሎት ይሰማል። ብሉና ልጄን ነፍስ ይማር በሉልኝ... አንድ ልጄን፣ ያየህን።»

አንዲት ጎረቤት ለማረው ሹክ አለችው።

«ያረዱት የእርሻ በሬያቸውን ነው። አንድ ብቻ ቀራቸው...»

እመት ድንቅነሽ ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት ፈቱ።

«ፊደል የቆጠርህ ትመስላለህ። መርዶው ነው። ቄሱ አንብበውልኛል፤ ግን የተቀበረበትን ደብር ዘለውብኝ እንደሁ... እስቲ እየው ልጄ።»

ማረው ወረቀቱን ዘረጋ።



ጽሑፉ የራሱ የማረው ነበር!

ሐምሌ ማለቂያ ላይ አዛናው፣ «ያገሬ ልጅ ሞቶ ለእናቱ መርዶ መላክ አለብኝ፤ ያንተ እጅ ጽሑፍ ያምራል፤ ስሞቹን እኔው እሞላለሁ» ብሎ፣ ቃል በቃል እየነገረ ያስጻፈው ደብዳቤ!

«የተቀበረበት... አልተጻፈም እናቴ።»

«አይ... ሕፃን ሳለ ቀኝ አውራ ጣቱን ማጭድ ወሰደበት። ቁስሉን ያጠብሁት እኔ ነበርሁ። ሬሳውን ግን ባዳ አጠበው!»

ማረው የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

ቀኝ አውራ ጣት...

ለጥር የመኳንንት ልጅ ሊያገባ ሽር ጉድ የሚለው አዛናው... «አባቴ የጎንደር ፊታውራሪ ነበሩ፤ እናትም የለኝ» የሚለው አዛናው... ስሙንም እናቱንም ጥሎ የመጣ ያየህ ነው!

«ሌላ ጓደኛ አላችሁ አሉ፣ መኪናው ውስጥ የቀረ» አሉ እመት ድንቅነሽ፣ ምግብ እያነሡ።

«እኔ ላድርስለት እናቴ! ዝናብ ነው!» አለ ማረው።

«የሟቹ እናት እኔ አይደለሁም? መንገደኛ ሳይቀምስ ካለፈ ተስካሩ ጎደለ። በእጄ ላቅርብለት።»

ማረው እየተከተላቸው ሄደ።

አዛናው ኮቱን ራሱ ላይ ደርቦ ተሸፍኗል።

«እንካ ብላ ልጄ። ያየህን ነፍስ ይማር በል።»



ዝናቡ ብቻ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል።

ከኮቱ ሥር አንድ እጅ ወጣ። አውራ ጣት የሌለው እጅ።

«ነፍስ... ይማር።»

ሰውየው ለገዛ ነፍሱ ማለቱ ነው!

እመት ድንቅነሽ እጁን አዩት። ድምፁንም ሰሙት።

አልጮኹም። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አኖሩለትና ወደ ዳሱ ተመለሱ።

«የቀረውን በሬዬን ከጎረቤት በሬ ጋር ጥመዱና መኪናውን አውጡለት። መንገደኛው ይሂድ» አሉ።

ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ።

«ብሉ፣ ጠጡ። እስከ ዛሬ ወረቀት አምኜ ነበር የማለቅሰው... አሁን ልጄ መሞቱን በዓይኔ አይቼ መጣሁ።»

የእናት ድህነት ማንንም አላዋረደም። የሚያዋርደው እሷን የደበቁበት ኩራት ነው። ደግሞ በአዛናው ለመፍረድ አንቸኩል... መርዶ ባንጽፍም፣ ዓመት ሙሉ ዝም ብለን ለእናቶቻችን የሞትን ስንቶቻችን ነን?

እናንተ በማረው ቦታ ብትሆኑ፣ የአውራ ጣቱን ነገር ስትሰሙ እውነቱን እዚያው ለእናትየው ትነግሯቸው ነበር... ወይስ እንደ እሱ ዝም?