የጋሽ ጆሮ ወፍ

ተማሪዎቹ ጋሽ ጆሮ ይሉታል። የሙዚቃ መምህር ነው። ድሮ አንዲት ልጅ ከዝማሬው ትንሽ ስታፈነግጥ፣ ጀርባውን ሰጥቷት እንኳ ቢሆን ዞሮ ጣቱን ይቀስርባት ነበር። ዘንድሮ ግን ተስፋ ቆርጧል።

«የዛሬ ልጆች አፍ ብቻ ናቸው፤ ድምፅ የላቸውም» ይላል።

ጡረታ ሊወጣ ነው። ለስንብቱ መዝሙር ጀምሮ መግቢያው ላይ ቆሟል። መግቢያውን ከአንዲት ወፍ ዜማ ካልወሰድኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። የወፍ መጽሐፉ እንደሚለው ጉሮሮዋ ቢጫ፣ አናቷ ጥቁር ነው፤ ቁመቷ ከአውራ ጣት ባይበልጥም ድምጿ ሰፈር ይቀሰቅሳል።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚሁ ሰፈርህ ሞልታልሃለች እኮ!» አለው የባዮሎጂ መምህሩ።

«ብትኖርማ ይሄን ጆሮ ታመልጠው ነበር?»

ጫካ ለጫካ፣ ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተት ከረመ። ወፍ የለም።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሚስቱ ጠባይ ተለውጧል። ከጓዳ ስታወራ ታጉተመትማለች፤ አጠገቡ ስትደርስ ትጮኻለች። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ደም መስሎ ትነሳና መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ፎጣ ታራግባለች። አንድ ቀን ከፎጣው ሥር የሆነች ቢጫ ነገር ብር ስትል አየ።

«ወፍ ናት አይደል? ለምን ታባሪያታለሽ?»

«አንተማ ምን አለብህ፣ ትተኛለህ!» ብላ ጮኸችበት።

ገባው። ቀንታለች። ሴትዮዋ በወፍ ቀንታለች!

ማታ ፎጣውን ፍራሹ ሥር ደበቀው። ከመጽሐፉና ከእርሳሱ ጋር ተኛ።

ሲነጋ ዓይኑን ገለጠ። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስባት ቦታ፣ ቆማለች። መጽሐፉን ገለጠ። አናቷ ጥቁር። ጉሮሮዋ ቢጫ። ራሷ ናት! እንባው ዱብ አለ።

ወፏ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች። ምንቃሯ ተከፈተ፤ ጉሮሮዋ ተነፋ፤ ጭራዋ ይርገበገብ ጀመር።

«ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ልትጀምር ነው» አላት ሚስቱን።

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ጠበቀ። ጠበቀ።

ሚስቱ ታይለት እንደሆን ዞር ሲል፣ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች።